ሰውን ስለ ማስደሰት

ሰው የሚወደውን ሰው ለማስደሰት ባሰበ ጊዜ ከሁሉ በፊት የሚደሰተው እርሱ ራሱ ነው። ገና ስጦታው ሳይገዛ፣ ገና መንገዱ ሳይጀመር፣ የተቀባዩን ፊት በሐሳቡ ይስላል፤ ምስጋናውን አስቀድሞ ይሰማል፤ በቸርነቱም ልቡ ይሞቃል። ይህ ደስታ ነውር አይደለም። ነገር ግን በዚሁ ደስታ ውስጥ አንድ ስውር ስሕተት ሊገባ እንደሚችል የተረዳሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከባለቤቴ ጋራ ልናደርገው ለነበረ የአራት ቀን ጉዞ ካወጣሁት ዕቅድ ነው። ነገሩ ትንሽ ነው። ወጣት አንባቢዎቼ ግን ትዳር የያዛችሁም ገና የምትይዙም ስለምትኖሩ፣ ትንሽነቱን ሳትንቁ እንድትሰሙኝ እለምናችኋለሁ።

የምንኖረው በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ሰሚት በሚባለው ሰፈር፣ በአንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሰሚት የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ የተራራ ጫፍ ማለት ነው፤ የታላላቅ መሪዎችንም ጉባኤ በዚሁ ስም ይጠሩታል። ሰፈራችን ግን ሜዳ ነው፤ ተራራ ከተባለ ያለን ተራራ ደረጃችን ብቻ ነው። ውኃው በፈረቃ ስለሚመጣ፣ በመጣም ጊዜ እስከ ላይ ለመውጣት ጉልበት ስለሚያጥረው፣ ብዙ ጊዜ ከታች ከግቢው ቧንቧ በጀሪካን እየተቀዳ ደረጃውን ይወጣል። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ማለዳ ወጥቼ ማታ እገባለሁ። ባለቤቴ በቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፤ ስለዚህ ጀሪካኑንም የምታወጣው እርስዋ ነች። ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለምና አንባቢ ያስታውስልኝ።

የተጋባነው በ2006 ዓ.ም. ነው። ዐሥረኛው ዓመት በቀረበ ጊዜ፣ ልጃችንን ለእናቴ ትተን ሁለታችን ብቻ አንድ ደገኛ አገር ሄደን ብናርፍ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ገንዘቡም በደኅና ጊዜ ተገኘ፤ በሰኔ 2015 ዓ.ም. ዕቁብ ወጣልኝ። ወጣልኝ አልሁ እንጂ፣ በእኔ ስም ይጠራ እንደ ሆነ ነው፤ የሚጣለው ከእኔ ደመወዝና ከእርስዋ መርፌ ነበር። በዚያን ጊዜ ግን ይህ ልዩነት ትዝ አላለኝም። ገንዘቡን በኪሴ ይዤ፣ ምሥጢሩን በልቤ ይዤ፣ አንድ ትንሽ ደብተር ገዛሁ።

በመጀመሪያ ያሰብሁት ሰሜን ተራሮችን ነበር። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመበት፣ ዋልያ የሚገኝበት፣ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ከገቡት ከመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ የሆነ አገር ነው። ስለ እርሱ ሳነብ ግን አንድ ሌላ ነገር አገኘሁ። በተራሮቹ ላይ ግጭ የምትባል መንደር ነበረች። ግጦሹና እርሻው ተራራውን እየራቆተው፣ አራዊቱም እያነሱ ስለ ሄዱ፣ ፓርኩ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተቈጥሮ ነበር። ከዚያ በ2008 ዓ.ም. ገደማ ከ400 የሚበልጡ የግጭ ቤተ ሰቦች መንደራቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ከተማ እንዲሰፍሩ ተደረገ፤ በ2009 ዓ.ም. ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ዋልያ ካለቀ የሚተካ የለም፤ ስለዚህ በዚህ ነገር ፈራጅ ሆኜ አልቀመጥም። ነገር ግን አያቶቻቸው ከተቀበሩበት አፋፍ ላይ ቆሜ «እንዴት ያለ ጸጥታ ነው!» ማለቱ ከበደኝ። ደብተሩን ገልብጬ ሌላ ቦታ ፈለግሁ። የተራራ ጸጥታ ዋጋውን የከፈለ ሰው እንዳለው በዚያን ሰዓት የገባኝ መስሎኝ ነበር። እንዳልገባኝ ቀጥሎ ታያላችሁ።

የመረጥሁት ጓሳን ነው። ጓሳ በመንዝ ያለ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ጀምሮ ሽቅብ የሚወጣ፣ 100 ኪሎ ሜትር ካሬ ያህል የሆነ የደጋ ሣር አገር ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ደብረ ብርሃን ይገኛል፤ ከዚያ ወደ ጣርማ በር ተደርሶ፣ ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉትን ዋሻ መንገድ ሳያልፉ፣ ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው በግራ መንገድ መታጠፍ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ ይሰማራል። በዓለም ሁሉ ከ500 እንደማይበልጥ የሚገመተው ቀይ ቀበሮም አለ። በስልኬ ላይ ያስቀመጥሁት አንድ ሥዕል ነበር፤ የድንጋይ ግድግዳ ያለው፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር የሆነ ቤት፣ ከኋላው ጉም። ሥራ በበዛብኝ ሰዓት እርሱን አውጥቼ እያየሁ እጽናና ነበር።

ጓሳን የመረጥሁበት ሌላው ምክንያት ግን ባለቤቴ ራስዋ የመንዝ ልጅ መሆንዋ ነው። እናትዋ በልጅነትዋ ስለ ሞቱ ያሳደጓት አክስትዋ ናቸው፤ እቴቴ ትላቸዋለች። ወደ አዲስ አበባ የመጣችው በዐሥራ ሁለት ዓመትዋ ነበር። «አገርዋን ካየች ስንት ዘመንዋ! ምን ያህል ደስ ይላት ይሆን!» እያልሁ በደብተሩ ላይ ቀኑን ከፋፈልሁ። ዓርብ፣ ጉዞ። ቅዳሜ ጧት፣ ጭላዳ። ቅዳሜ ማታ፣ የፀሐይ መግባት ከገደሉ አፋፍ። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ አክስት ቤት፤ ሁለት ሰዓት ያህል። ሰኞ፣ መመለስ። የሒሳብ ሰው ስለ ሆንሁ ወጪውን ከጎኑ በቀይ ብዕር ጻፍሁ።

በሰኔ መጨረሻ አንድ ማታ፣ እራት በልተን ቡና ከጠጣን በኋላ፣ ደብተሩን በፊትዋ ዘረጋሁት። «አገርሽን ላሳይሽ ነው» አልኋት።

መጀመሪያ ሣቀች። «ጓሳን? ለእኔ?» አለች። ቀጥሎ ደብተሩን ወደ መብራቱ አስጠግታ ቀስ ብላ ታነብ ጀመር። ጣትዋ ከዓርብ ወደ ቅዳሜ፣ ከቅዳሜ ወደ እሑድ ወረደና በእሑድ ላይ ቆመ።

«አክስት ቤት፣ ሁለት ሰዓት ያህል» ብላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። «ሌሊቱንስ የት ነው የምናድረው?»

«እንግዳ ማረፊያው ዘንድ ነው። አልጋው ጥሩ ነው አሉ» አልሁ።

«እቴቴ ደጃፍ ደርሰን ሌላ ቦታ ልናድር? ምን አድርጌያቸው ነው ይበሉ?» ደብተሩን ዘጋችው፤ መልሳም ከፈተችው። «ይህ ሁሉ ስንት ነው?»

ነገርኋት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ፣ ሳትቈጣ፣ እንዲህ አለችኝ፦ «የእቴቴ ቤት ክዳን ሁለት ክረምት ሙሉ እያፈሰሰ ነው። ዕቁቡ ሲወጣ ልነግርህ ቀን እጠብቅ ነበር። ቆርቆሮ ላለብስላቸው አስቤ ነበር።»

አንባቢ ሆይ፣ እኔ በሥዕል እያየሁ የምጽናናበት ክዳን ይህ ነበር። እኔ ልሄድ የተነሣሁት የሣር ክዳን ለማየት ነው፤ እርስዋ ደግሞ በዚያው ገንዘብ የሣር ክዳን ልታስወርድ ነበር።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነገሩን አገላበጥሁት። መጀመሪያ ራሴን ለመከላከል ሞከርሁ። «እርስዋስ ሐሳብዋን መች ነገረችኝ? እርስዋም በልብዋ ይዛ አልነበረምን?» አልሁ። እውነት ነው፤ ሁለታችንም ደብቀን ነበር። ነገር ግን እርስዋ የደበቀችው ለመጠየቅ ቀን ስትጠብቅ ነው፤ እኔ የደበቅሁት ለማስታወቅ ቀን ስጠብቅ ነው። የሚጠይቅ ሰው «እምቢ» የሚል መልስ ሊያገኝ እንደሚችል ያውቃል። የሚያስታውቅ ሰው ግን ያዘጋጀው ለ«እሰይ» ብቻ ነው፤ እሰይ ካልተባለም ይቀየማል። ቀጥዬም አንድ የሒሳብ ነገር ታወሰኝ፦ ስጦታ ብዬ በፊትዋ የዘረጋሁላት ግማሹ የገዛ ገንዘብዋ ነበር።

ስለዚህ ነገር ሳስብ አንድ የቆየ ታሪክ ትዝ አለኝ። ፔትራርካ የተባለው የኢጣልያ ባለቅኔ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1336፣ በደቡብ ፈረንሳይ ያለውን ቫንቱ የተባለውን ተራራ ከወንድሙ ጋራ ወጣ። የወጣው ለአደን ወይም ለንግድ አይደለም፤ ከፍታውን ለማየት ከመመኘቱ የተነሣ ብቻ ነው። ስለዚህም ብዙ ሰዎች ተራራን ለደስታ ሲል የወጣ የመጀመሪያ ሰው እያሉ ያነሡታል። እርሱ ራሱ በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ ግን ከተራራው ግርጌ ስላገኘው አንድ ሽማግሌ እረኛ ይናገራል። እረኛው ከኀምሳ ዓመት በፊት በጐልማሳነቱ እስከ ጫፉ ወጥቶ ነበር፤ ያተረፈውም ድካምና በእሾኽ የተቀደደ ልብስ ብቻ መሆኑን እየነገረ እንዲመለሱ ለመናቸው። እነርሱ ግን አልሰሙትም፤ ጓዛቸውን ከእርሱ ዘንድ ትተው ወጡ። እኔ ይህን ታሪክ ድሮ ሳነብ በእረኛው ሥቄበት ነበር። «ሞኝ ሽማግሌ፣ ውበት የማይገባው» ብዬ። በዚያች ሌሊት ግን የእረኛው ነገር እንደ አዲስ ተሰማኝ። አስቡት፦ ያን ተራራ ዕድሜውን ሁሉ ከእግሩ ሥር ሆኖ የኖረበት እርሱ ነው፤ በተራራው ስም የሚታወሰው ግን አንድ ቀን የወጣበት ነው።

በማግሥቱ ይህን ለባለቤቴ ነገርኋት፤ ጥፋቴንም የተናዘዝሁ መስሎኝ፦ «ለካ ለእናንተ ያ አገር ብርድና ኩበት ለቀማ ብቻ ነው፤ ውበቱን የምናይ እኛ የሩቆቹ ነን» አልኋት።

አሁን ግን ተቈጣች። «ውበቱን አላየሁም ብዬሃለሁ?» አለችኝ። ከዚያ በዐሥር ዓመት ትዳር ውስጥ ነግራኝ የማታውቀውን ነገረችኝ። ልጅ ሆና በግ ትጠብቅ በነበረ ጊዜ፣ ከዝናብ በኋላ በማለዳ፣ ጉሙ ከቈላ ተነሥቶ ገደሉን እንደ ወተት ሲሞላው በአንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታይ ነበር። አንድ ቀን እርስዋ ጉም ስታይ በጎቹ ከሰው ገብስ ገቡ። እቴቴ በአለንጋ ገረፏት። «ከዚያ ወዲያስ?» አልኋት። «ከዚያ ወዲያማ በጎቹን በገደሉ በኩል እያሰማራሁ አየሁ» አለችኝ።

እንግዲህ እኔ ሁለት ጊዜ ተሳሳትሁ። በፊት እኔ የወደድሁትን እርስዋም ትወዳለች ብዬ ሳልጠይቅ ፈረድሁ፤ ኋላ ደግሞ የደከመችበትን አትወደውም ብዬ ሳልጠይቅ ፈረድሁ። ሁለተኛው ስሕተት ትሕትና መስሎ የመጣ ስለ ሆነ ከመጀመሪያው ይልቅ አሳፈረኝ። ብዙ የተማርን ሰዎች ስለ ገጠር ሰው ስንናገር የምንወድቅበት ጕድጓድ ይህ ይመስለኛል፤ ወይ በሥዕል ውስጥ እናስቀምጠዋለን፣ ወይ በኀዘኔታ ውስጥ።

ያን ዕለት ሌላም ነገር ነገረችኝ። «ሣሩ ዝም ብሎ የበቀለ መስሎህ ነው?» አለች። ጓሳን የሚያህል የሣር አገር በዚያ ድርቅና ውርጭ በሚያጠቃው ደጋ ላይ እስከ ዛሬ የቆየው ሰው ስላልነካው አይደለም፤ ሰው ስለ ጠበቀው ነው። ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ፣ አገሩን ያቀኑት የአስቦና የጌራ ዘሮች ቄሮ የሚባል ሥርዓት ነበራቸው። አለቃ መርጠው ጓሳውን ሦስትም አምስትም ዓመት ያህል ይዘጉታል፤ ሲዘጋ ማንም ሰው ሣር አያጭድም፣ ከብት አያስገባም፣ ማገዶ አይለቅምም። ሣሩ በደረሰ ጊዜ አለቃው ቀን ያስነግራል፤ ሕዝቡም ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለጌሳ የሚሆነውን ያጭዳል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የርስቱን ሥርዓት ሲሽረው ቄሮም አብሮ ፈረሰ፤ ሕዝቡ ግን በኋላ በኮሚቴ ተሰብስቦ ጥበቃውን በሌላ መልክ ቀጠለ። በእኔ ደብተር ውስጥ «የተፈጥሮ ውበት» ተብሎ የተጻፈው፣ ብርድ እየመታቸው ከደጃቸው ያለውን ሣር ላለማጨድ የታገሡ ሰዎች ሥራ ነበር። ከግጭ ታሪክ ሸሽቼ ወደ ጓሳ ስዞር ይህን አላወቅሁም። ዕድለኛ ሆኜ ነው እንጂ አስተዋይ ሆኜ አይደለም።

ዕቅዱን እንዲህና እንዲያ እናድርገው ስንል ሐምሌ አለቀ። በአማራ ክልል በመንግሥት ሠራዊትና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ጦርነት ተነሣ፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ የመንዝ መንገድም ለዕረፍት የሚኬድበት መንገድ መሆኑ ቀረ። ይህን ዜና በሰማሁ ጊዜ በመጀመሪያ ወደ ልቤ የመጣውን እዚህ መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ካልጻፍሁት ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። በመጀመሪያ ወደ ልቤ የመጣው «ጉዟችን ተበላሸ» የሚል ነበር። ቀና ብዬ ባለቤቴን አየሁ። ስልኩን በጆሮዋ ይዛ ቆማ ነበር። ትደውላለች፤ አይገባም፤ ትደውላለች። በአንድ ክፍል ውስጥ ሆነን አንድ ዜና ሰምተን፣ እኔ የአራት ቀን ዕረፍት ጠፋኝ፤ እርስዋ ያሳደጓትን ሰው ፈለገች።

እቴቴን ያገኘናቸው ከዐሥራ ሰባት ቀን በኋላ ነው። በእነዚያ ቀናት ውስጥ እኔ ደረጃውን ብዙ ጊዜ ወጣሁ። አንድ ማታ፣ ምን ላድርግላት ብዬ ስጨነቅ፣ ሌላ ብልኀት ባጣ ጊዜ፣ «ምን ያሳርፍሻል?» ብዬ ጠየቅኋት። በዐሥር ዓመት ውስጥ ይህን ጥያቄ ስጠይቃት የመጀመሪያዬ መሆኑን የተረዳሁት ካፌ ሲወጣ ነው። ጥቂት አሰበችና «ውኃውን አንተ አውጣልኝ፤ ቅዳሜም እስከ ሦስት ሰዓት ልተኛ» አለችኝ። በቀይ ብዕር ብጽፈው ወጪው ምንም ነው። ሃያ ሊትር ጀሪካን እስከ አራተኛ ፎቅ ምን ያህል እንደሚመዝን ግን ያን ጊዜ ዐወቅሁ፤ በሁለተኛው ፎቅ ላይ አርፌ ነው የምወጣ።

ከእናንተ አንዱ እንዲህ ብሎ ሊቃወመኝ ይችላል፦ «እንግዲያውስ ሰው ለሚወደው ሁሉን አስቀድሞ እየጠየቀ ሊሰጥ ነውን? ያልታሰበ ስጦታ ደስታው ወዴት ሊሆን ነው?» ተቃውሞው ልክ ነው። ለሚስትህ ቤትህ ስትገባ ያልጠበቀችውን ጨርቅ ብታመጣላት፣ አልወደደችው እንደ ሆነ ለጎረቤት ትሰጠዋለች፤ ጉዳቱ ከአንድ ጨርቅ አያልፍም። የሌላውን ቀን፣ የሌላውን ገንዘብ፣ ይልቁንም የሌላውን ልጅነት የሚነካ ስጦታ ግን እንደ ጨርቁ አይደለም። እኔ ለባለቤቴ የገዛ ልጅነትዋን በሰዓት ከፋፍዬ፣ ለአክስትዋ ሁለት ሰዓት መድቤ ነበር ያቀረብሁላት። ደግሞም ተራራ ለማየት የሚሄድን ሰው የነቀፍሁ አይምሰላችሁ። ሰላም ባለበት ጊዜ ወደ ጓሳ የሚሄድ እንግዳ ለመንገድ መሪውና ፈረስ ለሚያከራየው እንጀራ ነው፤ ጉሙንም ማየት መልካም ነው። ሄዶ ባለአገሩን ቢያነጋግር ደግሞ አብልጦ ያያል።

እቴቴ ስልክ ያነሡ ዕለት ባለቤቴ አለቀሰች፤ እሳቸው ግን እንደ ትናንት የተለያዩ ያህል ስለ በጎቹ አወሩ። ተኩስ በሩቅ እንደ ሰሙ፣ እሳቸው ግን ደኅና እንደ ሆኑ ነገሩን። ከዚያ ባለቤቴ ስለ ክዳኑ ጠየቀች።

«ክዳኑማ አለቀ» አሉ። «ጎረቤት ተሰብስቦ ቀደም ብሎ በአዲስ ጓሳ አለበሰልኝ። አሁን ጠብታ የለም።»

«እኔ እኮ ቆርቆሮ ላለብስልዎ ገንዘብ አስቀምጬ ነበር፣ እቴቴ» አለች።

ስልኩ በድምፅ ማጉያ ላይ ነበረና እኔም ሰማሁ። «ቆርቆሮ?» አሉ። «ቆርቆሮ ማን ጠየቀሽ፣ ልጄ? ውርጭ በሚወርድበት አገር በቆርቆሮ ሥር ልታስተኚኝ ነው? በረዶ ሲጥልስ ማን ይሰማዋል ያን ጩኸት? ይልቅ መንገዱ ሲረጋ መጥታችሁ እደሩ። ያ ባልሽ ቆሎ ይበላል?»

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔም ወደ እርስዋ አየሁ። ሁለታችንም ሣቅ ያዘንና፣ እሳቸው እዚያ ማዶ ሆነው «ምን ሆናችሁ? ምን ያሥቃችኋል?» ይሉ ነበር።

ቆሎ እንደምበላ ተነገራቸው። ማታ ደብተሩ ወጣ። የድሮውን ገጽ አልቀደድነውም፤ በሚቀጥለው ገጽ ላይ እርስዋ ተናገረች፣ እኔ ጻፍሁ። የመጀመሪያው ቀን፣ እቴቴ ቤት። ሁለተኛው ቀን፣ እቴቴ ቤት። በሦስተኛው ላይ ብዕሬን ይዤ ስጠብቅ፣ «እርሱን ተወው» አለችኝ። «እዚያ ደርሰን እሳቸውን እንጠይቃለን።»